ጋሽ ደምሰው ዝም ያሉ ዕለት

መጀመሪያ ያየሁት እጃቸውን ነው። አራቱ ጣቶች ወደ መዳፋቸው እየታጠፉ፣ እየተዘረጉ፣ ከአየር ላይ የማይታይ ክር የሚስቡ ይመስሉ ነበር። በክሩ ሌላ ጫፍ ወደ ኋላ የሚመጣ አይሱዙ አለ።

«ና፣ ና፣ ና… ግራ ስበር… ና… በቃ።»

በዚህ ከተማ አንድም መኪና ያለ አዛዥ ወደ ኋላ ሄዶ አያውቅም። ሹፌሩ ማርሹን ሲያስገባ አንድ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል። ማንም አልጠራውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። ቁም ሣጥን በደረጃ ሲወጣ፣ የውሃ ታንከር ጣሪያ ላይ ሲሰቀል፣ ሬሳ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ፣ ከጎን ቆሞ የሚያዝ ይህ ሰው በየሰፈሩ አለ። ለእኛ ለለቡ ሰፈር ሰዎች የደረሱን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠቅላይ አዛዥ፣ የእድራችን የድንኳን ኃላፊ፣ ክቡር ጋሽ ደምሰው ናቸው።

ክቡርነታቸው ያዝዛሉ እንጂ ዕቃ ሲነኩ ያየ የለም። «ዋናው ሚዛኑ ነው» ይላሉ፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው። አንድ ጊዜ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሶፋ ሲወጣ በአጋጣሚ ያልፉ ነበር። በእሳቸው አመራር ሶፋው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ዞረና ሦስተኛ ፎቅ የማያውቁት ሰው ቤት ገባ። ባለቤቶቹ እስኪያወጡት ድረስ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ተቀምጠውበት ሻይ ጠጡ። ጋሽ ደምሰው ደግሞ «ገብቷል፤ የገባበት ቤት ነው የተሳሳተው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አሁን ወደ እህቴ ወደ ጸደንያ ልምጣ። የሴቶች ፀጉር ቤቷን የከፈተችው ግቢያችን ውስጥ በቆመ አሮጌ ካራቫን ነው። ድሮ መንገድ ሊሠሩ የመጡ የውጭ መሐንዲሶች ይኖሩበት የነበረ፣ ዳቦ የሚመስል ተጎታች ቤት ነው። ጣሪያው ላይ የተቀመጠው ኤሲ በዕድሜ ይበልጠኛል። ከፋሲካ ወዲህ ማቀዝቀዙን ትቶ የዛገ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የምትቀመጥ ሴት ፀጉሯ ሲደርቅ ፊቷ ይረጥባል። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ።

በመጨረሻ አንዲት ሙሽራ ተገኘች። ምስጢር ትባላለች፤ ሠርጓ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። «ነገ አሥር ሰዓት ላይ ከነሚዜዎቼ እመጣለሁ። ቤቱ ካልቀዘቀዘ ግን ጎፋ ሌላ ፀጉር ቤት እሄዳለሁ» አለች።

«ይህች ሙሽራ ከሄደች እኔም እዘጋለሁ» አለችኝ ጸደንያ፣ ማበጠሪያዎቹን እያጠበች።

ፍሪጅ ጠጋኙ ጎረቤታችን ጸጋአብ ደህና ያገለገለ ኤሲ አግኝቶ በማግስቱ ጠዋት መጣ። መዝሙር እያንጎራጎረ አሮጌውን ፈታው። ሲያነሳው ሥሩ ያለው እንጨት በስብሶ ኖሮ አብሮ ተነሳ፤ ጣሪያውም ጎበጠ። ከወንበሩ በላይ ባለ አራት ማዕዘን ሰማይ ተከፈተ። በእህቴ መስተዋት ውስጥ ደመና ሲያልፍ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

ጋሽ ደምሰው መቼ እንደገቡ አላወቅንም። እሳቸውም መስተዋቱን እያዩ ነው።

«ይሄ ደመና ከፉሪ ተራራ ነው የመጣው። ይዘንባል» አሉ። ወደ እኔም ዞሩ፤ ስፈዝ ሲያዩኝ ገጣሚ ይሉኛል። «አንተ ገጣሚ፣ አፍህን ዝጋና ማሸጊያ ሲሊኮን ግዛ። እዚህ አታገኝም፣ ጎፋ ሂድ። እህትህ ዛሬ ገበያዋን ፎርፋ እንዳታድር።»

ጎፋ ሄድኩ፤ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ ተመለስኩ። የግቢያችንን በር ገፋሁ። ድንኳን ተተክሏል። የእድራችን አረንጓዴ ድንኳን፣ እግሮቹ ብሎኬት ላይ ቆመው፣ ከካራቫኑ በላይ ተዘርግቷል። ሥሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጎረቤት ሁሉ ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። ጸደንያ የካራቫኑ ደፍ ላይ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አለቀልኝ» አለች።

ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ሞተ?» ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ይቀመጧል፤ ኋላ ጎን ያለውን በሹክሹክታ ይጠይቋል። ተቀመጥኩ። ጎኔ ያሉት እትዬ ዓለሚቱ አቀፉኝ።

«አይዞህ የኔ ልጅ። እግዜር ያጽናህ።»

«አሜን» አልኩ፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

«ታመው ነበር?»

«እኔ እንጃ።»

እትዬ ዓለሚቱ ወደ ሌላው ጎናቸው ዞሩ። «ድንገት ነው» አሉ። «ድንገት ነው» የሚለው ቃል ከወንበር ወንበር እየተላለፈ እስከ በሩ ሄደ። በሩ አጠገብ አንዲት ሴት «ወይኔ፣ ድንገት» ብላ ደረቷን መታች።

ማን ሊሆን ይችላል? ጸደንያ አለች። ጸጋአብ ጣሪያው ላይ መዶሻ እያሰማ ይዘምራል። ያኔ የጎደለው ምን እንደሆነ ገባኝ። ይህ ሁሉ ድንኳን፣ መሰላል፣ መዶሻ ባለበት ግቢ «ና፣ ና» የሚል ድምፅ የለም። «ቀስ» የሚል የለም። ስለ ሚዛን የሚናገር የለም። ጋሽ ደምሰው በሕይወት እያሉ እንዲህ ያለ ፀጥታ ሊኖር አይችልም።

አለቀስኩ። ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ አለቀስኩ፤ እትዬ ዓለሚቱም አብረውኝ አለቀሱ።

«ሲሊኮኑ መጣ?» አለ ጸጋአብ ከላይ። «ኧረ ቶሎ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ሰውዬው ደክመዋል።»

ገባሁ። ጋሽ ደምሰው የእህቴ ወንበር ላይ ቆመው የጎበጠውን ጣሪያ በሁለት መዳፋቸውና በትከሻቸው ደግፈዋል። ጸጋአብ ከላይ አዲሱን እንጨት ሲመታ እሳቸው ከሥር ይንቀጠቀጣሉ። ላባቸው በአገጫቸው ይወርዳል፤ በጥርሳቸው ብሎኖች ነክሰዋል። መናገር ስላልቻሉ በዓይናቸው ጠሩኝ። ከጣሪያው ጋር የተጣበቀው መዳፋቸው ላይ አንድ ጣት ብቻ ታጠፈ፣ ተዘረጋ።

ጣሪያው ጸንቶ ሲቆም ብሎኖቹን እጄ ላይ ተፉ።

«ድንኳኑ ለምንድን ነው ጋሼ?»

«ቀዳዳው ዝናብ እንዳይገባው።»

«ሰዎቹስ?»

«እኔ እንጃ» አሉ ተቆጥተው። «ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው አልወድም።»

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ወጥተው ለቀስተኞቹ ፊት ቆሙ። «የሞተ ሰው የለም። ወንዶች፣ ተነሱና ይሄን ዕቃ እንስቀል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሩን?» አለ አንዱ።

«ጠየቃችሁ?»

ለቀስተኞቹ ኤሲውን ቃሬዛ እንደሚያነሱ በትከሻቸው አነሱት። እኔም ከሥሩ ገባሁ። «ቀስ… ዋናው ሚዛኑ ነው… ና፣ ና… በቃ።» ያ ድምፅ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። ኤሲው ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ጸጋአብ ዙሪያውን አሽጎ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ መስመሩን አገናኘ።

ሙሽራዋ ደረሰች። ድንኳኑን አየች፤ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች፤ የእትዬ ዓለሚቱን ያበጡ ዓይኖች አየች። በሠርጓ ዋዜማ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሚዜዎቿም ወደ ኋላ ሄዱ። ጸደንያ ማበጠሪያ እንደያዘች ደረቀች።

በዚህ ከተማ ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር ሁሉ የማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ጋሽ ደምሰው እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ ሙሽራዬ። ዝናቡ ፀጉርሽን እንዳይነካው ነው ድንኳን የጣልነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓለሚቱ፣ እልል በይ» አሉ።

እትዬ ዓለሚቱ እንባቸውን ሳይጠርጉ እልልታቸውን አቀለጡት። ሌሎቹም ተከተሉ፤ እልል እያሉ ነጠላቸውን አቃኑ። ድንኳኑስ ቢሆን ያው ነው፤ በሠርግም የምንጥለው እሱኑ ነው። ምስጢር ግራ ተጋብታ ወደ በሩ ቀረበች። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ፊቷን ሲነካው ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ዝናቡ ሲያባራ ድንኳኑ ወረደ። ጋሽ ደምሰው ረጅሙን ቋሚ ትከሻቸው ላይ አድርገው በሩ ጋ ቆሙ።

«ለማን ነበር ያን ያህል ያለቀስከው?»

«ለጸጋአብ» አልኩ። «ከጣሪያ የወደቀ መስሎኝ።»

«ጸጋአብማ ሲዘምር ነበር።»

የበሩን መቀርቀሪያ መነካካት ጀመርኩ። እሳቸውም ቋሚውን አስተካክለው በኮብልስቶኑ ቁልቁል ሄዱ። መታጠፊያው ላይ አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሊሄድ ማርሽ አስገባ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነፃው እጃቸው ወጣ፤ ጣቶቹ መታጠፍ፣ መዘርጋት ጀመሩ። «በቃ» ሲሉ እስክሰማ ድረስ በሩን አልዘጋሁም።