መኪና የሚያሳልፍ ልብወለድ

በየከተማው መጽሐፍ የሚጀምር እንጂ የማይጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ቢሮ ታገኙታላችሁ፣ ለቅሶ ቤት ታገኙታላችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎናችሁ ተቀምጦ የእናንተኑ መጽሐፍ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ታገኙታላችሁ። ሦስት ገጽ ያያል፤ ከንፈሩን ያጣምማል፤ "አልያዘኝም" ይላል። ደራሲው አሥር ዓመት ለፍቶበት ይሆናል። ለእሱ ምኑ ነው!

የእኛ የነቀምቴው ግን ከሁሉም ይብሳል። ክቡር ሊቀ መክፈቻ፣ የመጀመሪያ ገጾች ጠቅላይ ዳኛ፣ ጋሽ በኃይሉ! ከሸዋ ተመድበው መጥተው ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ጡረታ ሲወጡ በሚስታቸው አገር ኡኬ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን "ጉዳይ አለኝ" ብለው ነቀምቴ ይመጣሉ። ጉዳያቸው ሙሐመድኑር ነው። ሙሐመድኑር ወላጆቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ወዳጄ ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ወደ ኡኬ የሚመለሱበት ሚኒባስ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። እሳቸው ከሙሐመድኑር አንድ ልብወለድ ይዋሳሉ፤ መስኮት ጥግ ይቀመጣሉ፤ መኪናው እስኪሞላ ያነባሉ። ሲሞላ መጽሐፉን በመስኮት መልሰው ይሄዳሉ። መጽሐፉ ከያዛቸው ግን ይወርዱና መኪናውን ያሳልፉታል። መኪና ያሳለፉበትን መጽሐፍ ሳይከራከሩ ይገዛሉ። ማዕረግ የሚሰጡትም በዚሁ ነው፦ "ይሄ ባለ አንድ መኪና ነው። ያኛው ባለ ሁለት።" ባለ ሦስት መኪና በዕድሜያቸው ሁለቴ ብቻ ገጥሟቸዋል ይባል ነበር። በገበያ ቀን መኪናው በአሥር ደቂቃ ስለሚሞላ ገበያ ለደራሲ ክፉ ቀን ነው።

በዚህ የተቃጠለው ረዳቱ ጋሩማ ነበር። ሞላ ብሎ በር ሲዘጋ ሽማግሌው ይወርዱበታል፤ መኪናው ይጎድላል። በኋላ ብልጥ ሆነና ገና ሲሳፈሩ ይጠይቃቸው ጀመር።

"ኦቦ በኃይሉ፣ አካም ቡልታን? መጽሐፉ እንዴት ነው? ጥሩ ከሆነ አሁኑኑ ውረዱልኝ!"

"አትፍራ የኔ ልጅ፣ በፀሐይ መውጫ ነው የሚጀምረው። በሰላም እንሄዳለን።"

ፀሐይ ስትወጣ የሚጀምር መጽሐፍ አይወዱም። "ፀሐይ ሳይነግረኝም ትወጣለች" ይላሉ። "ውበቷን ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል" የሚል ደራሲ ካገኙማ ጉድ ፈላ! "ቃላት ካጠሩህ ለምን ልብወለድ ትጽፋለህ? ጨርቅ ነግድ!" አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነች ሔለን የምትባል ልጅ "ጋሼ፣ አንዳንድ መጽሐፍ እኮ ትዕግሥት ይፈልጋል" ብትላቸው፣ "ልጄ፣ መዝገብ ቤት ሳለሁ የመጀመሪያ መስመሩ ያልያዘ አቤቱታ ስንት ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደሚተኛ አይቻለሁ። ሰው በር ሲያንኳኳ ግን ማን እንደሆነ ሳታዪ ተመልሰሽ ትተኛለሽ?" አሏት። አጠገቧ ቆሜ ስቄያለሁ። ያኔ ተራው የእኔ እንደሚሆን መች አወቅኩ!

የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልብወለዴን አሳተምኩ። ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ለጋሽ በኃይሉ ወስጄ ሰጠሁና ሚኒባሱ መስኮት ሥር ቆምኩ፤ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ምን ልደብቅ፣ መጽሐፌ የሚጀምረው በዝናብ ነው። ስድስት ገጽ ሙሉ ዝናብ ይዘንባል። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ጋሩማ "ጉቴራ! ሞልቷል!" ብሎ በሩን ደበደበ። ጋሽ በኃይሉ መጽሐፉን ዘጉና በመስኮት አቀበሉኝ።

"ወንድምአገኝ፣ መኪናው ሞላ።"

ሚኒባሱ አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

ከወር በኋላ መንገድ ላይ አገኙኝና ክንዴን ያዙ። "ስማኝማ፣ ገጽ አርባ ሦስት ላይ ያቺ ሴትዮ በሩን ስታንኳኳ፣ ከዚያ ጀምረኸው ቢሆን..."

አላስጨረስኳቸውም። "ጋሼ፣ እርስዎ መዝገብዎን ይደርድሩ" አልኳቸው። ጡረታ የወጣ ሰው፣ መዝገብ የሌለው ሰው! ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሸኋቸው። ያቺን ባርኔጣ ከሩቅ ሳይ መቶ እርምጃ ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ እይዝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ክብር መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር ሙሐመድኑር ሸራው ላይ የተዘረጉትን መጻሕፍት አቧራ እያራገፈ፣ "ጋሽ በኃይሉ ዓይናቸው ጠፋ እኮ። በየማክሰኞው ጋሩማ ይዟቸው ነው ሐኪም ቤት የሚመጡት። ማንበብማ ቀረ" አለኝ።

ደነገጥኩ። እሱ ቀጠለ።

"ያንተን መጽሐፍ ከእኔ ገዝተዋል፣ ታውቃለህ? በመስኮት በመለሱልህ በሳምንቱ መጡና 'ልጁን አስቀየምኩት መሰለኝ፣ እስኪ አምጣው' አሉኝ። አርባ ሦስተኛው ገጽ ከደረሱ በኋላ ሦስት መኪና አለፋቸው። ሦስት፣ ወላሂ! ጋሩማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። 'ለእሱ እንዳትነግረው፣ ራሴ ነው የምነግረው' ብለውኝ ነበር።"

እዚያው ሸራው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ስድስት ገጽ ብቻ ያነበበ ሰው ስለ አርባ ሦስተኛው ገጽ በምን ያውቃል? ያን ቀን አንዲት ደቂቃ ብታገስ ይገባኝ ነበር። ሰውዬው ሊያመሰግኑኝ ክንዴን ይዘውኝ ሳለ ነው የሰደብኳቸው። እንደዚያ ቀን የሚቆጨኝ ነገር የለም።

ለሐኪም በሚመጡበት ማክሰኞ አዲስ የጀመርኩትን ጽሑፍ ይዤ መናኸሪያ ጠበቅኳቸው። ወደ ጊዳ አያና የሚሄድ፣ በኡኬ የሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ድሮው መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ ግን መጽሐፍ የለም።

"ጋሼ፣ ወንድምአገኝ ነኝ። መኪናው እስኪሞላ ላንብብልዎት?"

"በምን ይጀምራል?" አሉ።

"በቀብር። ሬሳው ሳይወርድ አንዱ ለቀስተኛ 'ይሄ አካፋ የእኔ ነው' ብሎ ከቀባሪው እጅ ይቀማል።"

"ተቀመጥ።"

ማንበብ ጀመርኩ። ጋሩማ "ጉቴራ!" አለ። ለመውረድ ስነሳ እጅጌዬን ያዙኝ። መኪናው እኔንም ጭኖ ወጣ። ጋሩማ "አንተ ደግሞ የት ነህ?" ቢለኝ የኪሴን ብር አቀበልኩት። አነበብኩ። ፊት ወንበር ያለችው ሴትዮ ስልኳን ዘግታ ዞረች። ኡኬ ደረስን፤ ጋሩማ "ኡኬ! ኦቦ በኃይሉ፣ ኡኬ!" እያለ ሦስቴ ጮኸ። ሽማግሌው አልተነቃነቁም። መኪናው ሰው አውርዶ ቀጠለ።

"ጋሼ! ኡኬን አለፍን እኮ። አላዩም መሰለኝ..."

"የታመመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ልጁ ሦስቴ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ። አንብብ።"

ገጹን ገለጥኩ። ከሥሩ ሌላ ገጽ አልነበረም። አሥራ ሁለት ገጽ ነው የጻፍኩት።

"አለቀ ጋሼ።"

"እንዴት ያልቃል? አካፋው የማን ሆነ?"

"ገና አልጻፍኩትም።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር ታዲያ?"

"እርስዎን አኩርፌ ነበር፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሽ በኃይሉ እጅጌዬን እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የሚያዩት ነገር ያለ ይመስል።

"ከዚህ አትጀምርም ነበር?" አሉኝ።