ቁጥር የማያምኑት አቶ ለመት

የትም አገር ሂዱ፣ ምንም ነገር የማያምን አንድ ሰው ታገኛላችሁ። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ያየዋል። «እንደምን አደርክ?» ሲባል «ምን ፈልገህ ነው?» ይላል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሰምቶ ገንፎ መብላት ያቆመ ሰው ነው። እኛ በሰሜን ዋልታ አጠገብ የምንኖር አጋዘን አርቢዎች ዘንድ የጠርጣሮች ሁሉ አለቃ፣ ክቡርነታቸው አቶ ለመት ናቸው። በአጋጣሚ የባለቤቴ የሪስተን አጎት ናቸው፤ አጋጣሚ መሆኑንም ይጠረጥራሉ።

የአቶ ለመት መፈክር አንዲት ቃል ናት፤ «ይዋሻል!» ራዲዮው ነገ ፀሐይ ነው ካለ ይዋሻል። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ካለ «ይዋሻል፣ ሠላሳ ነው» ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። በግራ እጃቸው ሁለት ሰዓት ያስራሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው ይላሉ።

ባለፈው የበረዶ ክረምት ካሜራ ያለው ድሮን ገዛሁ። አጋዘኖቼ በየሸለቆው ሲበተኑ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ከመንከራተት አሥር ደቂቃ ከላይ ማየት ይሻላል ብዬ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ዋጋውን ሲጠይቀኝ፣ አቶ ለመት ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ዞረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ይኼ ነገር ይቆጥራል?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኛ ዘንድ ሰውን «ስንት አጋዘን አለህ?» ማለት እጅን ኪሱ ውስጥ መክተት ነው። የባሰበት ባለጌ ቢጠይቅ እንኳ መልሱ ከአያት ከቅድመ አያት አንድ ነው፤ «ከዛፉ በዚህም በዚያም በኩል አሉ።» የአቶ ለመትን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የለም። አንዱ ተራራ ሙሉ ነው ይላል፣ ሌላው የተረፉት ጥቂት ናቸው ይላል። ግጦሻቸው ደግሞ ከእኔ ጋር ኩታ ገጠም ነው።

ስለዚህ ድሮኔ በተነሳ ቁጥር አቶ ለመት ከየት መጡ ሳይባል ትከሻዬ ላይ ይቆማሉ። ለምክር ነው ይላሉ። ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ካሜራው ወደ እሳቸው በኩል እንዳይዞር ይጠብቃል።

መጀመሪያ ቀን መቆጣጠሪያው ሃምሳ በመቶ ሲል፣ «ይዋሻል፣ መልሰው» አሉ።

«አጎቴ፣ ገና ግማሽ ባትሪ አለው እኮ!»

«ግማሽ ነው ያለህ ማነው? እሱ ራሱ አይደል? በዚህ ብርድ ማን ነው ስለራሱ እውነት የሚናገር? ደግሞ ሲሄድ ነፋሱ ከኋላው ነበር፤ ሲመለስ ፊት ለፊቱ ነው።»

አልሰማኋቸውም። ሠላሳ ሁለት ይል የነበረው ቁጥር ድንገት ስድስት አለ፤ ድሮኔም ሸለቆው ውስጥ ወደቀ። ወገቤ ድረስ በሚውጥ በረዶ ገብቼ ቆፍሬ ሳወጣው፣ አቶ ለመት ቋንጣቸውን እያኘኩ ጠበቁኝ። «ነግሬህ ነበር» አላሉም። እንዲሉ ብዙ ጠብቄ ነበር።

በረዶውን አራግፌ ድንኳን ውስጥ ምድጃው አጠገብ አኖርኩት፣ ይሙቀው ብዬ።

«ዮቭና፣ ጠብመንጃህን ከብርድ አምጥተህ ምድጃ ዳር ታስቀምጣለህ?»

«ኧረ አላስቀምጥም፤ ያልበዋል።»

«እና ይኼኛው ላብ የለውም?»

ወዲያው ካሜራው በውስጡ ጉም ሞልቶ ሁለት ቀን ዕውር ሆነ። በኋላ መመሪያውን ሳነበው አቶ ለመት ያሉት ሁሉ ተጽፎ አገኘሁት። እሳቸው መመሪያውን አላነበቡም። ቢያነቡትም አያምኑትም።

ችግሩ ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን መጋባቱ ነው። ክረምቱ ሲጋመስ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። እኚህ ሰውዬ የሚመክሩኝ ለድሮኑ አዝነው ነው ወይስ ቶሎ እንዳስወርደው? «ነፋስ አለ» ሲሉኝ ነፋሱን፣ «ጉም ሊመጣ ነው፣ ክንፉ ላይ በረዶ ይጋገራል» ሲሉኝ ጉሙን መጠርጠር ያዝኩ።

መጋቢት ማለቂያ ላይ ጎህ ሲቀድ ተኩላ ገብቶ እናት አጋዘኖቼን በተናቸው። ሁሉም እርጉዝ ናቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ኑሮዬ ሆዳቸው ውስጥ ነው። ዱካቸው ኮረብታው ጫፍ ላይ ደርሶ በነፋስ ተጠርጓል። ከዚያ ወዲያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ምሥራቁ ሸለቆ ይወስዳል። ሌላው ወደ ሐይቁ መውጫ ነው፤ እዚያ ውሃው ከሥር ስለሚሮጥ በረዶው ስስ ነው፣ መንጋ አይሸከምም። በሞተር ሄጄ የተሳሳተውን መንገድ ከመረጥኩ አለቀልኝ። ጉሙም ከሩቅ እየመጣ ነው።

ባትሪዎቹን ማታ በደህና የአጋዘን ቆዳ ጠቅልዬ ሞተሩ በሚጎትተው ሸርተቴዬ ላይ አስሬአቸው ነበር። ስፈታው ሦስት የነበሩት ሁለት ሆነዋል። ጎህ ሲቀድ ሸርተቴዬ ዘንድ ጎንበስ ብለው ያየኋቸው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ደሜ ፈላ። ሌባ! ለካ ድሮኑ እንዳይቆጥርባቸው ነው!

የመጀመሪያውን ባትሪ ከተትኩ፤ አልነሳም አለ። ሁለተኛው ድሮኑን ጉልበቴ ድረስ አንስቶ መልሶ ጣለው። ዞር ስል አቶ ለመት እንደ ወትሮው ትከሻዬ ላይ ናቸው።

«አጎቴ፣ ሦስተኛውን ባትሪ የት አደረጉት?»

«አንተስ የት አሳደርካቸው?»

«ቆዳ ውስጥ ነዋ! ከዚህ የሚሞቅ የት አለ?»

«ቆዳ እሳት ነው እንዴ? ቆዳ የሰጠኸውን ነው የሚጠብቅ። ሰው ብትሰጠው የሰውን ሙቀት ይጠብቃል። የቀዘቀዘ ብረት ብትሰጠው ብርዱን ታቅፎልህ ያድራል።»

ዕድሜ ልኬን በቆዳ ተጠቅልዬ ስተኛ የሚሞቀኝ ቆዳው ይመስለኝ ነበር። አቶ ለመት ካባቸውን ፈቱ፣ ሹራባቸውን ገለጡ፣ ሌላ ሹራብ ገለጡ፣ ከብብታቸው ሥር ባትሪዬን አወጡ። እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል።

«ከጎህ ጀምሮ ብርዱ ጎኔን ሲበላኝ ነበር» አሉ። «ሁለት ልወስድልህ አስቤ ሌባ ይለኛል ብዬ ጠረጠርኩ።»

ለአንዱም በልቤ ሌባ ብያቸው ነበር። አፈርኩ፤ ግን ጊዜ አልነበረም።

«ቶሎ አስነሳው። ግን ወዲያው አትስደደው፤ እፊታችን አንድ ደቂቃ ይቁም። ሰውም ከአልጋው ተነስቶ አይሮጥም።»

ደቂቃዋን በሁለቱም ሰዓታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ለቀቅኩት። ወደ ሐይቁ የሚያደርሰው አቋራጭ በማን ግጦሽ ላይ እንደሚያልፍ ትዝ ያለኝ ድሮኑ ከኮረብታው ባሻገር ሲደርስ ነው። ነጩ ዳገት ላይ፣ ፀሐይ በርቶባቸው፣ የአቶ ለመት አጋዘኖች በሙሉ ስክሪኑ ውስጥ ገቡ። «ዙርና ሂድ» አላሉኝም። ባትሪውን ሲሰጡኝ ይህን ያውቁ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ጫማቸውን እያዩ ነው።

የእኔዎቹን ከዚያ ወዲያ አገኘኋቸው። ቃጭል ያሰረችውን አስቀድመው ተሰልፈው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ስሱ በረዶ ላይ ሊደርሱ ሦስት መቶ እርምጃ ቢቀራቸው ነው።

«መልሰው» አሉኝ። አርባ ስምንት በመቶ ይላል። ምንም ሳልከራከር መለስኩት። ከዚያ በሞተር ከነፍን፤ እሳቸው ያንን ዕድሜያቸውን ይዘው በሐይቁ በኩል ገብተው መንገዳቸውን ቆረጡልኝ። አንዲት እንኳ ስሱ በረዶ ላይ ሳትወጣ መለስናቸው።

ስንመለስ ድሮኑን ከነሳጥኑ ውጭ ትቼ ድንኳን ገባን። አቶ ለመት እንደ አገራችን ልማድ ቡናቸው ውስጥ ቋንጣ ከተው ጠየቁኝ።

«ስንት አየህ?»

የአርቢ ዓይን ሳይታዘዝ ይቆጥራል። ቆጥሬአለሁ። ለሪስተን አልነገርኳትም፣ ለእናንተም አልነግራችሁም።

«ከዛፉ በዚህም በዚያም በኩል ነበሩ፣ አጎቴ።»

ትክ ብለው አዩኝ።

«ትዋሻለህ» አሉና ከቋንጣቸው ቆርሰው ኩባያዬ ውስጥ ጨመሩልኝ። በዚያች ቃል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኚህን ሰውዬ ለካ እወዳቸዋለሁ።

በማግስቱ ድሮኑን ሳስነሳ መጡ፤ በሁለቱም ብብታቸው ባትሪ ይዘው። ትከሻዬ ላይ ግን አልቆሙም። ለስክሪኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ተራራውን እያዩ፣ «ስንት በመቶ ይላል?» አሉኝ።

«ስድሳ ሁለት።»

«ይዋሻል» እስኪሉ ጠበቅኩ።

«እሺ» አሉ።

በጣም ደነገጥኩና ወዲያው አወረድኩት።