ጋሽ ወልዱ እስኪጠመቁ

ጥያቄ የሚያበዛ ሰው አልወድም። መምህር ሆኖ ጥያቄ የማይወድ ምን ዓይነት መምህር ነው እንዳትሉኝ፤ እኔ መምህር የሆንኩት ሰው ጠፍቶ ነው። እንጀራዬ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቧንቧ መበየድ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ በዚያች ቆርቆሮ ጸሎት ቤታችን ውስጥ፣ ለመጠመቅ ለሚዘጋጁ አዋቂዎች የጥምቀት ትምህርት አስተምር ነበር። ለምን እኔ ተመረጥኩ? ድምፄ ከቬንቲላተሩ ጩኸት በላይ ስለሚሰማ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዘመኑ ኤርትራ የራሷ አገር ከሆነች በኋላ ነው፣ ጦርነቱ ገና ሳይመጣ። ከመሀል አገር ለሥራ የመጣነው ሰዎች እኛ ሳንነቃነቅ ድንበሩ ተነቃንቆ የውጭ አገር ሰው ሆነን ነበር። ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል፣ ማን ለማን ያወራል፣ አይታወቅም። ሰው ሰላምታ ሰጥቶ ሲያልፍ እንኳ ዞር ብለን እናያለን። ለምን ሰላም አለኝ?

ጋሽ ወልዱ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ወደብ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ሰው። ማን እንዳመጣቸው የሚያውቅ የለም። አንድ እሑድ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ በሚቀጥለው እሑድ መጠመቅ እፈልጋለሁ አሉ። የደረት ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች። ስለ ንስሐ ሳስተምር አይጽፉም። ስለ ጸጋ ሳስተምር አይጽፉም። የጥምቀቱን ቀን ሳነሣ ግን ደብተሯ ከኪስ ብቅ ትላለች።

"የት ነው የምንጠመቀው?" አሉ።

ባሕሩ ላይ ነው አልኳቸው።

"የትኛው ጋ? በስንት ሰዓት? የሚያጠምቁት ሰዎች እነማን ናቸው?"

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ለነፍሱ ብሎ የመጣ ሰው እንዲህ ይጠይቃል? ሌላ ቀን ደግሞ በርሜል ውስጥ አይሆንም ወይ አሉኝ። ሊቀልዱብን ነው አልኩ። ሌሎቹ ተማሪዎች እንደ ሰው ነው የሚጠይቁት። እትዬ ዘውዴ፣ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡት፣ ተጠምቄ ስወጣ ሹሩባዬ ይፈታል ወይ ብለው ነው የጠየቁኝ። ከልብዎ ያምናሉ ወይ ብላቸው፣ ባላምን በዚህ ሙቀት ምን ያመጣኝ ነበር አሉ። ይሄ መልስ ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም።

አላስችል ብሎኝ፣ ሰውዬው ሰላይ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ለጋሽ ደምሴ ሹክ አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ከዚያም ቀስ ብለው የሚያስቡ።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያለው ያገሬ ሰው ነው እንጂ መጽሐፉ አይደለም" ብለው ገሠጹኝ። ትንሽ ቆዩና፣ "ለማንኛውም ትምህርቱን ይድገሙት" አሉ።

ጋሽ ወልዱ ደገሙ። እትዬ ዘውዴና ሌሎቹ ባሕር ወርደው ሲጠመቁ እሳቸው ከሩቅ፣ መንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ። ማን ማን እንዳለ እየቆጠሩ ነው አልኩ። ትምህርቱን ከአዲሶቹ ጋር እንደገና ጀመሩ። አልተቆጡም። ይሄ ይባስ አስጠረጠረኝ። እንዲህ የሚታገሥ ሰው ለመታገሥ የተከፈለው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሦስተኛ ጊዜ ላስደግማቸው ስጠይቅ ግን ጋሽ ደምሴ፣ "ሰውዬውን ጳጳስ ልታደርጋቸው ነው?" ብለው ከለከሉኝ።

ወጥመዱ የመጣልኝ ያኔ ነው። ጋሽ ወልዱን ለብቻቸው ጠርቼ፣ ቅዳሜ ማለዳ ወደ በይሉል በሚወስደው መንገድ፣ ጥቁሮቹ ድንጋዮች ጋ እናጠምቅዎታለን፣ ለማንም አይንገሩ አልኳቸው። ነገሩን ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እዚያ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከመጣ ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ታወቀ ማለት ነው። ብልህ ነኝ አይደል?

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ብስክሌቴን አጋድሜ ከድንጋዮቹ ኋላ ተደበቅኩ። አሰብ በማለዳዋም ምድጃ ናት። ብዙም ሳልቆይ ግመሎቹን የሚነዳ አንድ የአፋር ሽማግሌ መጥቶ በላዬ ቆመ። ሰላም አለይኩም ካለኝ በኋላ ምን ጠፍቶህ ነው አለኝ። ምን ልበለው? ቁልፍ አልኩት። ሽማግሌው ዱላውን አስቀምጦ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ አሸዋውን በጣቱ እያበጠረ ቁልፍ ይፈልግ ጀመር። እኔም አብሬው ፈለግኩ። የሌለ ቁልፍ ከቅን ሰው ጋር እንደመፈለግ ያለ ቅጣት አላየሁም። በመጨረሻ ደከመውና አላህ ይስጥህ ብሎኝ ግመሎቹን ተከትሎ ሄደ።

ጋሽ ወልዱ መጡ። በእግራቸው፣ ብቻቸውን፣ ነጭ ልብስ በፌስታል አንጠልጥለው።

ግራ ቀኝ አዩ። ጫማቸውን አወለቁ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና እሳት እንደነካው ሰው ፈጥነው ወጡ። ደብተሯን አውጥተው ጻፉ። ተመልሰው እስከ ጉልበት ገቡ፤ ወጡ፤ ጻፉ። ደብተሯን ጫማቸው ላይ አስቀምጠው ሦስተኛ ሲገቡ ማዕበል ቢጤ ገፋ አደረጋቸውና ወደቁ። ውሃው ጉልበት ቢደርስ ነው። እሳቸው ግን መነሣት አቃታቸው፤ እጃቸውን ያወራጫሉ፣ ድምፅ አይወጣቸውም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ብብታቸውን ይዤ ጎትቼ አሸዋው ላይ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ሲያስሉ እኔ ደብተሯን አነሣሁ፤ አልደብቃችሁም፣ ገልጬ አነበብኳት። የእኔ ስም የለም። የማንም ስም የለም። "ኅዳር፣ ቁርጭምጭሚት። ታኅሣሥ፣ ቁርጭምጭሚት። ጥር፣ አልቻልኩም። መጋቢት፣ ጉልበት።" ሌላው የጥምቀቱ ቀንና ቦታ ብቻ ነው።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ራሳቸው ጀመሩ።

"ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከበይሉል በሳንቡክ ጀልባ ስንመጣ ነፋስ ገለበጠን። እጁን ይዤው ነበር።" የገዛ እጃቸውን አዩ። "ይዤው ቆየሁ። በኋላ ለቀቅኩት።"

ይቺ ደብተር እስክትጀመር ድረስ ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕር አልነኩም፤ ሰውነታቸውን እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ነበር የሚያብሱት። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ያን ሁሉ ጥያቄ የሚጠይቁት የባሕሩን ጥልቀትና የሚይዛቸውን እጅ ለማወቅ ኖሯል። እኔ ደግሞ የእሳቸውን ፍርሃት በራሴ ፍርሃት ተረጎምኩት።

"ሌሎቹስ የት አሉ?" አሉኝ መንገዱን እያዩ። ነጩን ልብስ ከፌስታሉ ማውጣት ጀምረው ነበር።

ቀኑ ተለውጧል አልኳቸው። አያችሁ? የጥምቀት መምህሩ በዚያች ባሕር ዳር፣ በዚያች ሰዓት ዋሸ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ግን ይሄ ነው። ልብሱን መልሰው አጠፉት። ቀስ ብለው፣ አራት ጊዜ አጠፉት። ያ ማጠፍ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉባኤው ተሰብስቦ ጥምቀቱ በወጉ ሆነ። የጉባኤያችን ወንጌላዊ እያንዳንዱን ተጠማቂ ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ነው የሚያጠልቀው። የጋሽ ወልዱ ተራ ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ሊይዟቸው ገቡ። ጋሽ ወልዱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ታደሰ ይያዘኝ" አሉ፤ እኔን ነው።

ከነልብሴ ገባሁ። ክንዴን የያዙበት የጣታቸው ምልክት ሳምንት አልጠፋም። ጠለቁ። እዚያ ውስጥ ምን ያህል ቆዩ ብትሉኝ፣ ወንጌላዊው ቅጽበት ነው ይላል፣ እኔ ዓመት ነው እላለሁ። ሲወጡ ሰው ሁሉ እልል አለ። እሳቸው ጆሮዬ ሥር፣ "አልለቀቅከኝም" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም። አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጸሐይ ሲያደርቀን ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ማስደገሙን፣ ወጥመዱን፣ ቁልፉን ሳይቀር። ነጠላቸውን እየጨመቁ ሰሙኝ።

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔም ሰላዩ አንተ ነህ ብዬ ነበር።"

"እኔ?"

"አድራሻዬን ጻፍክ። መሥሪያ ቤቴን ጻፍክ። ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቅከኝ። እንዳልጠመቅ አዘገየኸኝ። ከድንጋዩ ኋላ ብቅ ስትል ደግሞ ቁርጡን አወቅኩ። ስለ ወንድሜ የነገርኩህም ይጻፈው ብዬ ነው፤ ሰባት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም።"

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ፤ እኛ ሁለት ሌቦች ነበርን ለካ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ያን ሁሉ ቅን ሰው ትተው እኔን ለምን መረጡ?

ጋሽ ወልዱ ነጠላቸውን አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

"ቅኑ ሰው ሁሉ ሲጸልይ ዓይኑን ይጨፍናል" አሉኝ። "ሰላይ ግን ዓይኑን አይጨፍንም፤ የያዘውንም ሰው አይለቅም። እኔ ከሰጠምኩ ስለ ማን ሊያወራ?"