ክቡር የወገብ ተቆጣጣሪ ጎሳዬ

ራሱ የማይሠራውን ሥራ ለሰው የማያስተምር ወንድ በዚህ ዓለም የለም፤ ካለም ጅቡቲ አልደረሰም። የዚህ ወገን አለቃ ደግሞ ክቡር ጎሳዬ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የሰው ወገብ ተቆጣጣሪ።

ጎሳዬ ዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር እስኪጫንለት ቀናት ይጠብቃል። አርብ አርብ እኔ ከሰው ቤት ሥራ ዕረፍት ስወጣ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር የፋጤ ምግብ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። መሪ ከመጨበጡ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ ተጫዋቾችን ቦርሳ ለአሥራ አንድ ዓመት ተሸክሟል። ዱላውን ግን አንድ ቀን አስጨብጠውት አያውቁም። ቆሞ አየ፣ አየ፣ አየ፤ ያየውን ሁሉ እኛ ላይ አራገፈው።

"አምባሳደር ይሁን ጄኔራል፣ ጀማሪ በእጁ ይመታል፤ ኳሱም ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። "የተካነው መጀመሪያ በእግሩ መሬቱን ይረግጣል፣ ዳሌው ይዞራል፣ ትከሻው ይከተላል። እጅ መጨረሻ ይመጣል!"

ፋጤ ድስት ስታማስል "እጅ መጨረሻ!" ይላታል።

"መጨረሻ የሚመጣው ያንተ ሳህን ነው" ትለዋለች።

አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጆንያ የሚያወርድ ወዛደር አስቁሞ አቋቋሙን አስተካክሏል። ሰውዬው በሶማሊኛ የመለሰለትን ጎሳዬ እንደ ምስጋና ቆጥሮታል።

አንድ ቀን ጓደኛው ጌቾ ሰለቸውና "ፕሮፌሰር፣ እስቲ አንተ ምታና እንይህ" አለው። ጎሳዬ የጎማ መፍቻውን አመጣ፣ የጠርሙስ ክዳን አሸዋ ላይ አስቀመጠ፣ እንደ ጳጳስ ረጋ ብሎ ቆመ። ሰነዘረ። ክዳኑ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ አሸዋው ግን ጌቾ ሩዝ ላይ አረፈ።

"ሃያ ዓመት መሪ ላይ የተቀመጠ ወገብ አይዞርም" አሉ ክቡርነታቸው። "ትምህርቱ ግን ትክክል ነው።"

ባለፈው ወር ሳቁ ጠፋብኝ። ቀኝ ትከሻዬ ታመመ፤ ክንዴ ከጆሮዬ በላይ አልወጣ አለ። የምሠራበት ቤት ምንጣፎች በየሳምንቱ ሰገነት ላይ ተሰቅለው በዱላ ይራገፋሉ። ማዳም "እስከ እሑድ ካልቻልሽ ሌላ ሰው አመጣለሁ" አለችኝ። ቤቱ እንጀራዬ ብቻ ሳይሆን ማደሪያዬም ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ደግሞ ሌላ ቦታ እስኪገኝ የምትጠብቅበት ወንበር የላትም።

አርብ ዕለት ለፋጤ በሹክሹክታ ነገርኳት። ጎሳዬ ሰማ። መጥረጊያ አቀበለኝና "ምንጣፉን እንዴት ነው የምትመቺው? አሳዪኝ" አለ።

አሳየሁት።

"ይኸው! ሥራውን ሁሉ ትከሻሽ ላይ ጥለሽ ዳሌሽ ሥራ ፈቶ ቆሟል።"

"ጋሽ ጎሳዬ፣ ተወኝ በቃ፣ ደክሞኛል።"

"በትከሻው ብቻ የሚሠራ ሰው እንዴት አይደክመው? እግርሽን አራርቂ። ክብደትሽን ቀኝ እግርሽ ላይ አድርጊ፤ አሁን ወደ ግራ አሳልፊው፣ ዙሪ! ክንድሽ ይከተል። ክንድሽን ከጆሮ በላይ ማን አውጪ አለሽ?"

"ቀጥሎ እስክስታ ነው!" አለ ጌቾ። ጎሳዬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አስዞረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰገነት ላይ ወጣሁ። የሚያየኝ እንደሌለ አረጋግጬ ረገጥኩ፣ ዞርኩ፤ ክንዴ እንደ ገመድ ተከተለኝ። ምንጣፉ ጓ አለ፣ አቧራው ተነሣ፣ ትከሻዬ ዝም አለ። አራቱንም ጨረስኩ። ማዳም ብቅ ብላ "ትሬ ቢያን" ብላ በፈረንሳይኛ አደነቀችኝና ተመልሳ ገባች። የሌላ ሰው ወሬ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። እያደር ሕመሙም ለቀቀኝ።

ዛሬ ጎሳዬ ከአዲስ አበባ ተመልሷል። ብቻውን ነው፤ ሌሎቹ ሹፌሮች ትምህርቱን ፈርተው ሲያዩት ጠረጴዛ ይቀይራሉ።

"ትከሻሽስ?" አለኝ፣ ወንበሩን ወደ እኔ እየሳበ። ድኛለሁ ብዬ ብነግረው ትምህርቱ ሊያበቃ ነው።

"ገና ነው ጋሽ ጎሳዬ፣ አሁንም ያስቸግረኛል" አልኩት። ይህን ያልኩት ሁለት እጆቼን ከራሴ በላይ አንሥቼ ሻሼን እያሰርኩ ነው። ፋጤ አይታኝ ሳቋን በጭልፋ ከለለች።

ጎሳዬ ግን እጆቼን አላየም። አቋቋሜን ሊያርም እግሮቼን እያየ ነበር።