ከጉበቷ አጠገብ፣ ሶፋ ላይ የተገኘው

ትናንት ማታ እኅቴ ቤት እራቴን በላሁ፤ ለባሏ ለጋሼ ደምሰው የተቀመጠውንም ጨረስኩለት። ከዚያ ሳሎን ሶፋዬ ላይ ተኛሁና ይህን ሕልም አየሁ።

ሥራ ቦታዬ ነበርኩ። ሥራዬ ከጅቡቲ በበረዶ ተጭኖ የሚመጣውን የባሕር ዓሣ እየቀደድኩ ትል መፈለግ ነው። ትል ሲገኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው የት እንደተገኘ ነው። ጨጓራ ውስጥ? ጉበት ላይ? ወይስ ሥጋው ውስጥ ገብቶ? ቦታውን ያወቀ ዓይነቱን ለማወቅ ትንሽ ነው የሚቀረው።

በሕልሜ ግን ነጭ ጋውን የለበሱት ትሎቹ ነበሩ። ጣሪያው ባሕር ነበር። አለቃዬ ወይዘሮ ፀዳለ አልኮል በሞላው ጠርሙስ ውስጥ ቁጭ ብለው ሹራብ ይሠራሉ። ነጠላ ያጣፋች አንዲት ሰፊ ዓሣ አግዳሚው ወንበር ላይ ሆዷን ይዛ ታቃስታለች።

"ዶክተር፣ ሞትኩልዎ! ሆዴ ውስጥ የሚያንኮራፋ ነገር አለ።"

"አይዞዎት እመቤቴ" አለ ዶክተሩ። ቀጭን ነጭ ወስፋት ነው፤ ወንበሩ ላይ እንደ ሽቦ ተጠምጥሟል። "ክፈቷቸው!"

ሆዷ እንደ ሻንጣ ተከፈተ። ከጉበቷ አጠገብ ቡናማ ሶፋ ነበር። ሶፋው ላይ ተጠቅልሎ የተኛው እኔ ነበርኩ።

ዶክተሩ ጆሮዬን በወረንጦ ይዞ አነሣኝና ማይክሮስኮፕ ሥር አስተኛኝ።

"ጅራት የለውም። አፉ ግን ሰፊ ነው። ጥርሱም አልጎደለም።"

"ሰው ነኝ!" አልኩ።

"እሱን እኛ እንወስናለን። እንግዳ ከሆንክ ወደ ሶፋህ እንመልስሃለን። ጥገኛ ከሆንክ እመቤቲቱ ኮሶ ይጠጣሉ። የት ነው የምትገኘው?"

"እኅቴ ቤት።"

"ከቤቱ የቱ ጋ?"

"ሳሎን።"

"ከወጥ ቤቱ ይርቃል?"

"እጄን ብዘረጋ ድስቱን እነካለሁ።"

ትሎቹ ተያዩ።

"ግን ለጊዜው ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ቤት እስካገኝ ድረስ ነው።"

ዶክተሩ ከወንበሩ እስኪፈታ ድረስ ሳቀ። "እኛስ ምን ብለን የገባን ይመስልሃል?"

ሶፋዬ አሳሳኝ፤ የመሃሉ ጉድጓድ በእኔ ልክ ነው።

"በል፣ ለቤቱ የጠቀምከውን አንድ ነገር ንገረን" አለ ዶክተሩ። "አንድ ብቻ። እንግዳ ብለን እንለቅሃለን።"

ብዙ አሰብኩ። "ሪሞቱ ሲጠፋ የሚያገኘው እኔ ነኝ!"

"ጎሽ! የት ታገኘዋለህ?"

"ከሥሬ።"

ወይዘሮ ፀዳለ በጠርሙሱ ውስጥ ራሳቸውን ያዙ። "ምናለ ዝም ብትል፣ አንተ ልጅ!"

"ኮሶ!" አለ ዶክተሩ።

ዓሣዋ አፍንጫዋን ይዛ ጣሳውን ጨለጠችው። ሆዷ ነጎድጓድ ሆነ። ሶፋውን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩ፤ ሶፋውም መንሸራተት ጀመረ።

"አደራ!" ሲል ሰማሁት ዶክተሩን። "ራሱ መውጣቱን ሳታዩ እንዳትዘጉ! ራሱ ከቀረ ተመልሶ ያድጋል!"

ብርድ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ስገልጥ ከበላዬ ሰማይ አየሁ። ሶፋዬ ላይ ነኝ፤ ብርድ ልብሴም ትራሴም አብረውኝ አሉ። ሶፋው ግን ከግቢው ውጭ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ነው። ጋሼ ደምሰውና ጎረቤታችን የግቢውን በር ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

"ወጣ?" አለች እኅቴ ከውስጥ።

"ወጣ።"

"እርግጠኛ ነህ? ሁሉም ወጥቷል?"

ጋሼ ደምሰው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ፊቴን በደንብ አየው።

"ራሱም ወጥቷል" አለና በሩን ዘጋው።