የኦዚያስ የምግብ ደብተር

(ሺኩቲሚ ከተማ፣ የፈረንጆች ገና ሰሞን። ሁለት ወንድማማቾች በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታላቁ ኦዚያስ ሁሉን አዋቂ ነው፤ ታናሹ ማርሴላን ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፣ ባዩ ግን ኦዚያስ ብቻ ነው። አባታቸው በአርባ አንድ ዓመቱ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ማርሴላን ዘንድሮ አርባ ደፈነ፤ ፈርቷል። በዘር የሚወረሰውን ኮሌስትሮል የሚያጠኑት ሐኪሞች የሳምንት ምግባችሁን ጽፋችሁ አምጡ ብለዋቸዋል።)

ኦዚያስ፦ “ማክሰኞ ጧት፣ የአሳማ ስብ በዳቦ።” ይሄን ምን ጻፍ አለህ?

ማርሴላን፦ በልቼ ነዋ።

ኦዚያስ፦ መብላትህን ማን ጠየቀህ?

ማርሴላን፦ ደብተሩ። “የበሉትን ይጻፉ” ይላል።

ኦዚያስ፦ አንተ ልጅ፣ ይሄ ፈተና ነው። ፈተና ላይ መልሱ ነው የሚጻፈው። የኔን ስማ፦ “ሰኞ፣ የተቀቀለ ዓሣ ያለ ጨው። ማክሰኞ፣ የተቀቀለ ጎመን።”

ማርሴላን፦ ማክሰኞ እኮ እህታችን ቤት ነበርን። ያን ሦስት ዓይነት ሥጋ የታጨቀበትን ቱርትዬር ለኔ አንድ ቁራሽ ትተህ ጨረስከው።

ኦዚያስ፦ ጎመንም ቀርቦ ነበር።

ማርሴላን፦ አልቀመስከውም።

ኦዚያስ፦ አይቼዋለሁ።

ማርሴላን፦ ጋሼ፣ አባባ የሞተበት ዕድሜ ላይ ልደርስ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ኦዚያስ፦ በሽታዬን መች ደበቅሁ? የደበቅሁት ምሳዬን ነው። ደግሞ ነርሷ የአክስታችን ባል የእህት ልጅ ናት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሆዳሞቹ መጡ እንድንባል ትፈልጋለህ?

(ነርስ ሶላንዥ መጥታ ደብተሮቹን ታነባለች። የኦዚያስ ላይ ስትደርስ ቅንድቧ ይነሣል፤ እሱ ያደነቀችው መስሎት ደረቱን ይነፋል።)

ሶላንዥ፦ ጋሽ ኦዚያስ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይሄን ብቻ?

ኦዚያስ፦ ዓመቱን ሙሉ፣ የኔ ልጅ። ሥጋ ገና ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል።

ሶላንዥ፦ ጥሩ። አዲሱን መድኃኒት ዛሬ ትጀምራላችሁ። መድኃኒቱ ብቻውን ምን እንደሚሠራ እንድናይ ምግባችሁ መለወጥ የለበትም። ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ የኛ ወጥ ቤት በየደብተራችሁ ያለውን እያበሰለ ቤታችሁ ይልካል። ከዚያ ውጭ አንድ ጉርሻ አይቻልም።



ኦዚያስ፦ አዲስ ዓመትስ?

ሶላንዥ፦ (ገጹን ገልጣ) ማክሰኞ ነው የሚውለው። ጎመን።

(ለማርሴላን ቱርትዬሩ እንደማይቀርበት፣ የጻፈው ግን ሐኪሞቹን በጣም ስላሳሰባቸው ልቡን ዛሬውኑ እንደሚያዩለት ነግራው ትሄዳለች። ማርሴላን ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጎ ይተነፍሳል።)

ኦዚያስ፦ (በሹክሹክታ) ሩጥ፣ ንገራት። ዋሽቷል በላት።

ማርሴላን፦ አንተ ንገራት።

ኦዚያስ፦ እኔማ በምን አፌ? ቀጣፊ ልባል?

ማርሴላን፦ እንግዲያውስ ጎመኑን ብላ ጋሼ። እኔም ወንድም ይተርፍልኛል፤ አንተም ስድስት ሳምንቱን ስትጨርስ፣ የጻፍከው ሁሉ እውነት ይሆንልሃል።