ቆጣሪው ገና ነው ካለ

ከዓይኑ ይልቅ ቆጣሪ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ የሓድነት ሰፈር ጎረቤቴን ጎይቶምን ላስተዋውቃችሁ። ባለሁለት ወንበር አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለው። ፍሬኑ ያቃስታል፤ እሱ ግን ፍሬኑን ትቶ የድሮ የራሊ ተወዳዳሪዎች መንገድ የሚመሩባቸውን መሣሪያዎች አስገጠመ። ርቀት ቆጣሪ፣ ኮምፓስ፣ ጥንድ ሰዓት! አውሮፕላን አብራሪ እንኳ እንዲህ አይኮራም። ጎማዎቹን ደግሞ በትልልቅ ቀየራቸው፤ ቆጣሪው ግን እስከ ዛሬ የሚቆጥረው በድሮዎቹ ልክ ነውና ከሄድንበት አሳንሶ ይቆጥራል። ይህን ብነግረው ተቆጣኝ።

ሚስቱ ለተብርሃን ከአዲስ አበባ የምትመለስ ዕለት፣ እኔን ቆጣሪ አንባቢ አድርጎ ከጎኑ አስቀመጠኝና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከነፍን። ስንደርስ ለተብርሃን ሻንጣዋን ይዛ የማረፊያው በር ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች።

"ጎይቶም፣ ሚስትህ!" አልኩት።

"ቆጣሪው ምን ይላል?"

"አንድ ኪሎ ሜትር ይቀራል ይላል።"

"እንግዲያው ገና ነው፣ ሓወይ!" ብሎ አለፋት።

የቀረችውን ኪሎ ሜትር ጨርሰን ስንመለስ ለተብርሃን በታክሲ ሄዳለች። ለነገሩ ብትጠብቀንስ የት ልትቀመጥ ኖሯል? ወንበሯን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስንደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"ለተ፣ ደርሻለሁ፣ ክፈችልኝ እንጂ!" እያለ ደበደበው።

"እስቲ ቆጣሪህን እየው" አለችው ከውስጥ፣ "ምናልባት ገና አልደረስክ ይሆናል።"

ታምኑኛላችሁ? ሄዶ አየው።